ከመርከብ የመጣ ሰማይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ውድ አባዬ፣

ይህ ደብዳቤ በየትኛው ወደብ እንደሚያገኝህ አላውቅም። ብቻ ከድስቶችህ ፋታ ስታገኝ አረፍ ብለህ አንብበው። አስቀድሜ ላመስግንህ፣ የሆነውን ከዚያ እነግርሃለሁ። ምስጋናው ስለ ሰማዮቹ ነው። መርከበኞቹን አብልተህ ስትጨርስ ወደ ላይ እየወጣህ በካሜራህ ያነሳህልኝ ሰማይ ሁሉ አንድም ሳይጠፋ እኔ ዘንድ አለ። ተባረክልኝ።

የፎቶ ቤቱን ሥራዬን ታውቀዋለህ። ሰው ተራራ ወይም ሐይቅ አንስቶ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ሲያበላሽበት፣ እኔ በኮምፒውተር ያንን ቆርጬ ሌላ ሰማይ እገጥምበታለሁ። በክረምቱ አለቃዬ ራሱ ያነሳውን አንድ የሐይቅ ፎቶ ሰጠኝና «ለቀን መቁጠሪያ ነው፣ ሰማዩን አሳምሪልኝ» አለኝ። ካንተ ሰማዮች አንዱን መርጬ አሳመርኩለት። እሱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ካሜራዬ ያየው ይህንን ነው» ሲል ለውድድር አቀረበው። ሕጉ ያልተነካ ፎቶ ብቻ ይላል። አንደኛ መውጣቱን እንደማንኛውም ሰው ከዜና ሰማሁ።

ደስታው አልሰነበተም። ፎቶው በተነሳበት ቀን እዚያው ሐይቅ ዳር የነበረ ሌላ ፎቶ አንሺ «ያን ዕለት ደመና ቀርቶ ሰማዩም አይታይም ነበር» ብሎ ከሰሰ። አለቃዬም አንድ ወረቀት ጽፎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፤ እሱ ሳያውቅ፣ በራሴ ፈቃድ ፎቶውን ቀየርኩት የሚል።

«ፈርሚ፣ የኔ እህት» አለኝ። ከዚያ በፊት እህቱ ሆኜ አላውቅም።

«ያላደረግሁትን?»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሰው ይረሳልሻል። እኔ ስም አለኝ።»

«እኔስ ስሜን የት ጣልኩት?»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ግን እስኪያድር መጠበቅ አልችልበትም። ቦርሳዬን አንስቼ በቀጥታ የውድድሩ ዳኞች ወዳሉበት ሄድኩ። ሦስቱም ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው፣ መሃል ያሉት ሽበታም ሴትዮ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«ልጄ፣ የቀየርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። ታዝዤ ነው የቀየርኩት፣ በደንብም ነው የቀየርኩት።»

ከጎናቸው ያለው ወፍራም ሰውዬ ሳቁ አመለጠው። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፎቶ ስመለከት የኖርኩ ነኝ። እንዴት አድርገሽ ነው ያታለልሽኝ?»

ነገርኳቸው። ከተማ ውስጥ ያለ ሰው አንጋጦ ነው ሰማይ የሚያነሳው፤ አናት ላይ ያለውን ትልልቅ ደመና አምጥቶ ተራራ ጫፍ ላይ ሲለጥፈው ውሸቱ ያኔ ይታወቃል። አድማስ ላይ ያለ ደመና ቀጭን ነው፣ ይደራረባል፣ ትንሽ አቧራማ ነው። ሕንፃና የመብራት ሽቦ ሳይጋርደው ያንን የሚያገኝ ባሕር ላይ ያለ ሰው ነው። ከዚያ የዛፎቹን ጥላ አይቼ ፀሐይዋ ከግራ የሆነችበትን ፈለግሁ፤ ውሃውም ያንኑ ቀለም እንዲይዝ አደረግሁ።

«ከማን ሰረቅሽው ታዲያ?» አለ ወፍራሙ።

«አልሰረቅሁም። አባቴ ነው የላከልኝ። የመርከብ ወጥ ሠሪ ነው።»

ያን ጊዜ ሴትዮዋ ሳቁ። «እኛን ያሸነፈን ወጥ ሠሪ ነዋ» አሉ።

ሽልማቱን ከአለቃዬ ወሰዱበት። እሱም በየፎቶ ቤቱ ስልክ እየደወለ እንዳልቀጠር አድርጎኛል፤ «አስመሳይ» የሚል ስምም አውጥቶልኛል። ሰማዩን አስመስያለሁ፣ አልክድም፤ እንደሱ ግን ያልሆንኩትን ሆኜ አላስመሰልኩም። ደግሞ ሜዳ ላይ አልወደቅሁም። የማተሚያ ቤቱ ጋሼ፣ ከቤታችን በታች ያለችውን ጠባብ ክፍል የተከራዩት፣ ወንበሬን ራሳቸው ተሸክመው ወስደው ከማሽናቸው አጠገብ አኖሩልኝ። «ጫጫታውን ከቻልሽው ጥጉ ያንቺ ነው» አሉኝ። ችዬዋለሁ። ሁለት ደንበኞችም መጥተውልኛል። እሳቸውንም አመስግንልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ዳኞቹ ፎቶውን አልጣሉትም። ሰው እንዲማርበት ነጭ ሰማይ ያለውንና እኔ የገጠምኩበትን ጎን ለጎን ሊሰቅሏቸው ነው፤ ሥር ደግሞ የሠሪዎቹ ስምና መልክ ይሆናል። የእኔን ሰጠሁ። ሰማዩን ያነሳውንም ሰው ፎቶ አምጪ አሉኝ።

የላክህልኝን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ። ንጋት አለ፣ ማዕበል አለ፣ ዝናብ አለ፤ አንተ የለህም። ከሄድክ ጀምሮ ከዓይንህ ፊት ያለውን ሁሉ አሳይተኸኛል፣ ራስህን ግን አንድ ቀን አላሳየኸኝም። ባለፈው ወር ያ የመርከቡ መካኒክ ጓደኛህ ሰላምታህን ሲያደርሰኝ፣ «አባዬ ደህና ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ ሻዩን አማሰለ፣ አማሰለና «ይሠራል» አለኝ።

አባዬ፣ ሰማዩ ለጊዜው ይቆየኝ። ካሜራውን ወደ ራስህ አዙረውና ላክልኝ። ብትከሳም፣ ብታረጅም፣ ተኝተህም ቢሆን። ሥራዬ መቀየር ነው፤ የአንተን ግን እንደመጣ ነው የምሰቅለው።

ባሕሩ ይተኛልህ፣ ድስትህ አይደፋብህ፣ እግርህን በደህና ወደ ደጃችን ይመልሰው።

እሳቷ ልጅህ