ለጊዮርጊስ የተረፈኝ ድምፅ

ጥቅምት 23፣ ጠዋት

ጠበል ጠጣሁ፣ በባዶ ሆዴ። አንደኛ ቀን። ሁለት ሱባኤ ይዣለሁ፤ ኅዳር 6 ይፈጸማል፣ በማግስቱ የቅ/ጊዮርጊስ በዓል ነው። ድምፄ ከነሐሴ ወዲህ የለም። ዶ/ሩ አይመለስም ብሎኛል። ሹክሹክታ ብቻ ቀረችኝ። ለመሪጌታ! ሃያ ሁለት ዓመት የዚህን ደብር ማኅሌት መርቻለሁ። ስጀምር ከቅጽሩ ውጭ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር። ማስታወሻዬ፣ ባንተ ፊት ካልኮራሁ የት ልኩራ?

ጥቅምት 26

አለቃው አስጠሩኝ። በዓሉን ቀለመወርቅ ይምራው አሉ። በክብር ነው ያናገሩኝ፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ቀለመወርቅን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ድምፁም መልካም። እሺ አልኩ። ቤት ስገባ ባለቤቴ አለምነሽ የአምናውን ማኅሌቴን በስልኳ ከፍታ ታለቅሳለች። አስዘጋኋት።

ጥቅምት 30

ስምንተኛ ቀን። ምንም። ከጊዮርጊስ ጋር ተጣላሁ። ሥዕሉ ፊት ቆሜ፣ እናቴ ገና በአራስነቴ ላንተ ሰጠችኝ፣ ዕድሜ ልኬን ስምህን ስጠራ ኖርኩ፣ የምጠራህበትን ጉሮሮ ትወስድብኛለህ? አልኩት። ካልመለስክልኝ በበዓልህ ከቤቴ አልወጣም። ሰማዕት ላይ ዛትኩ! ወዲያው ፈራሁ። ግን ቃሌን አላጠፍኩም።

ኅዳር 3

ታላቅ ወንድሜ አያ ደመቀ ከአምባ ጊዮርጊስ ለገበያ መጣ። ገበሬ ነው፣ ፊደል አልቆጠረም። አለምነሽ ያዋየኋትን ዛቻዬን ነገረችው። ሳቀብኝ።

«ምነው አንተ፣ ጊዮርጊስ ደንቆሮ መሰለህ? እኔ ገብሴን በረዶ ሲመታው በልቤ ነው የምጠራው።»

ተናደድኩ። ገበሬ ሊያስተምረኝ፣ እኔን፣ የቅኔውን መምህር!

ኅዳር 6፣ ከሰዓት

ሱባኤው አለቀ። ድምፅ የለም። መቋሚያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀምጫለሁ። አልወጣም።

ኅዳር 6፣ 10 ሰዓት

ቀለመወርቅ መጣ። ፊቱ ላብ በላብ። ያሰናዳው ቅኔ አልሆን ብሎታል፤ ዜማው እንጂ ቅኔው እንደማይሆንለት ተናዘዘልኝ። ሳላውቅ ቀርቼ ነው? በቅኔ በዚህ ደብር የሚደርስብኝ የለም። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጠኝ።

ያኔ ገባኝ። እኛ ቅኔን ለተቀባዩ፣ ለሚያዜመው ሰው፣ የምንነግረው በሹክሹክታ ነው! ስንቱን በዓል በየሰው ጆሮ ስነግር ኖሬ እንዴት ረሳሁት? እዚያው ለጊዮርጊስ ሁለት ቤት ቅኔ መጣልኝ። ቤት በቤት ነገርኩት። ግቢው መሀል ቆሞ አዜመው። አለምነሽ ከጓዳ ወጣች፣ ጎረቤቶቹ በአጥር አንገታቸውን አሰገጉ። ቃሉ የእኔ! አለቀስኩ፣ ከኩራት ብዛት።

ነገም አጠገቤ ይቁሙልኝ የኔታ፣ አለኝ።

ጊዮርጊስ ሆይ፣ ድምፄን አልመለስክልኝም። ዛቻዬን ግን አንስቻለሁ። የፈለግከው ሹክሹክታዬን ከሆነ፣ ከእኔ የተሻለ ሹክ የሚልልህ ጎንደር ላይ ፈልግ! እሄዳለሁ። አለምነሽ ነጠላዬን እያወጣች ነው፣ መቋሚያዬም በእጄ ነው። ግቢ ውስጥ የተሰማው ቅኔ አይደገምም፤ ለነገ አዲስ ያስፈልጋል። አሁን አንድ መጣልኝ፣ ቀለመወርቅ በር ላይ ቆሟል፣ ሳይጠፋኝ ልንገ…