ቶሎሳ ስንተኛው ቤት ነው?

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድም ዓለሜ ለገመቹ ዲንሳ፤ ሻምቡ።

እንደምን ሰንብተሃል? እንደምን ከርመሃል? እኔ እህትህ ሰገነት ከአንተ ናፍቆትና ከዚህ ከሰሞኑ ጣጣ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ጫልቱስ ደኅና ናት ወይ? ከወለደች ወዲህ ወገቧን ያማታል ብለህ ጽፈህ ነበር፤ ተሻላት? ያቺ ዓይኗን ያላየኋት ልጃችሁስ ጥርስ አበቀለች? እማዬ ስለ እሷ ሳትጠይቀኝ ቁርስ አትቀምስም። እኔ ደግሞ በየማለዳው አዲስ ወሬ ከየት አመጣለሁ? «ዛሬማ ሳቀች አሉ» እያልሁ እዋሻታለሁ።

ስልክ ብሞክር ብሞክር ያቺ ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም» ትለኛለች። አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ «አንቺንማ ማን ፈለገሽ!» ብዬ ብጮህባት ፈውዚያ በሳቅ ፍርስ አለች። ፈውዚያን ታስታውሳታለህ፤ ጥልፍ የምጠልፍበት የገበያው ሱቅ ባለቤት ናት። ይህን ደብዳቤ ወንድሟ ሪያድ ጨርቅ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲሄድ ይዞልኝ ይሄዳል፤ እዚያ ከሻምቡ ቅቤ ለሚያመጣ ነጋዴ ያቀብለዋል። ከአባይ ወዲህና ወዲያ የምንኖር ሰዎች፣ የቡሬው መንገድ አላስተማምን ካለ ወዲህ ደብዳቤያችን አገር ዞሮ ነው የሚደርሰው። ሪያድ ነገ ማለዳ ይነሣል። እዚህ እስክደርስ ድረስ እንኳ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ተቀመጥሁ።

እንዳላማውን ባለፈው ደብዳቤዬ ነግሬሃለሁ፤ አምበር ላይ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ዱቄት ከቅንድቡ የማይለቅ ልጅ። ሽማግሌ ላከ። እማዬ ደስታዋን ላለማሳየት «እስቲ እንምከርበት፤ ሌላ ቀን ተመለሱ» ብላ ሸኘቻቸው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እልልታዋን ለእኔ ብቻ አሰማችኝ። ሠርጉም ለጥር ታሰበ። እወደዋለሁ ገመቹ፤ ወንድሜ ነህና ምን አፍራለሁ።

ነገሩ ግን ከመነሻውም ሻካራ ነበር። ወለተ ሰንበት የሚባሉ አክስት አሉት፤ ቤቱን የሚያሽከረክሩት እሳቸው ናቸው። «ልጅቷስ ባለሙያ ናት፤ እናቷም የአምበር ልጅ፣ የምናውቃት ናት። ብቻ በአባቷ በኩል የማዶ ናት» አሉ አሉ። የማዶ። ይህችን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቃታለህ። ስድብ ብትሆን መልስ ነበረኝ፤ ግን በለሰለሰ አንደበት ነው የሚሏት፣ ስለ ሰው ሕመም እንደሚያወሩ።

ትዝ ይልሃል፣ ተማሪ ቤት ስም ሲጠራ «ሰገነት» ሲባል ማንም ዞር አይልም ነበር፤ «ዲንሳ» ሲባል ነው አንገቱ ሁሉ የሚዞረው። አንተንማ ከመጀመሪያው ስምህ ጀምረው ያዩህ ነበር። አባታችን የአንተን ስም ሲያወጣ እማዬ የእኔን አወጣች፤ ተካፈሉን። ያኔ ሰው ዞር ብሎ አይቶ ወደ ነገሩ ይመለስ ነበር። ዛሬ አይመለስም፤ «ምንድን ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል። አንተም እዚያ በአባታችን አገር «የጎጃሜዋ ልጅ» እንደሚሉህ፣ ኦሮምኛህ የእማዬን ቅላጼ ስለሚይዝ ሰው በበዛበት መኪና አፍህን ዘግተህ እንደምትሄድ ጽፈህልኝ ነበር። ያን ባነበብሁ ቀን የያዝሁትን ጥልፍ አበላሸሁት። ከአንድ ማኅፀን ወጥተን፣ አንድ ጡት ጠብተን፣ አንተ እዚያ አማራ ተባልህ፣ እኔ እዚህ ኦሮሞ ተባልሁ። ሁለታችንም በቤታችን ነን እላለሁ እኔ፤ ግን ጮክ ብዬ ልናገረው ስል ድምፄ ይቀጥንብኛል።

«ግማሽ ናት» የሚሉኝም አሉ። እነሱ ደግሞ ደግነት መስሏቸው ነው። ዳቦ ነኝ እንዴ የምገመስ? ሳቄ የአባቴ ነው ይላሉ፤ ቁጣዬ የእማዬ ነው ይላሉ። ስስቅም ስቆጣም ግን ሙሉ ሰው ነኝ። «ሁላችንም አንድ ነን፤ ዘር ምን ያደርጋል» የሚሉትም ያሰለቹኛል፤ እንዲህ የሚሉት ብዙውን ጊዜ ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ ሰዎች ናቸው። ከሁሉ የከፋኝ ግን የእንዳላማው ነው። የአክስቱን ነገር ሰምቼ ሳዝን ሊያጽናናኝ ብሎ «አትስሚያቸው፤ ለእኔ አንቺ አማራ ነሽ» አለኝ። ሊሸልመኝ ነው እኮ! አባቴን ከላዬ ላይ እንደ አቧራ ያራገፈልኝ መሰለው። ቀኑን ሙሉ አላናገርሁትም፤ ለምን እንደሆነም አልገባውም። ኋላ ስነግረው አንገቱን ደፍቶ «እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም» አለ። ይህን በማለቱ ይበልጥ ወደድሁት።

እንግዲህ ወደ ጭንቄ ልግባ። ባለፈው እሑድ ዘር ሊቆጠር ሁለቱም ወገን እማዬ ቤት ተሰበሰበ። ሰባት ቤት ሳያልፍ እንደማይጋባ ታውቃለህ፤ የወንዱም የሴቷም አያት ቅድመ አያት እየተጠራ እስከ ሰባት ይወጣል፤ ስሞቹ ካልተገናኙ ይመረቃል። ያስቆጠሩት መሪጌታ አምሳሉ ናቸው፤ ዲማ ገዳም ሲማሩና ሲያስተምሩ ያረጁ፣ የአገሩን ትውልድ በቃላቸው የያዙ ሽማግሌ። እኔ ከጓዳ ጠላ እየቀዳሁ ጆሮዬን መጋረጃው ላይ አስጠግቻለሁ። የእንዳላማው አባት አያ ይስማው የራሳቸውን ወገን ቆጠሩ፤ ስድስተኛው ላይ «ወልደ ማርያም» አሉና አለፉ። የእማዬም ወገን ተቆጠረ። አልተገናኘም፤ የእኔም ልብ መለስ አለ።

ይኼኔ እትዬ ወለተ ሰንበት «እንግዲህ አበቃ፤ ይመረቅ። በአባቷ በኩልማ ምን ይቆጠራል? እኛንና ማዶን ምን ያገናኘናል?» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እማዬም ነገሩ እንዲያልፍ ብላ ዝም አለች። ዝም ብል ኖሮ ገመቹ፣ ተመርቆ አልቆ ነበር። ግን አባታችን ግድግዳውን በእጁ በመረገው ቤት ውስጥ እንዳልነበረ ሰው ሲታለፍ ደሜ ፈላ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዝሁ ወጣሁና «አባቴም ይቆጠር» አልሁ። የምትዳር ልጅ እንዲህ ባለ ሸንጎ አፏን እንደማትከፍት አውቃለሁ። እትዬ ወለተ ሰንበት ዓይናቸው ፈጠጠ። መሪጌታ ግን «እውነቷን ነው፤ ሥርዓቱ በእናትም በአባትም ነው» አሉ። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቁጠሪ ተባልሁ።

ዲንሳ አልሁ፤ ጉደታ፣ ገመዳ፣ ኢጆ፣ ቡልቻ አልሁና ቆምሁ። ከዚያ በላይ ያለውን አላውቀውም። አባታችን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እጅህን ይዞ ሲያስቆጥርህ እኔ ከኋላ ከእማዬ ጋር ነበርሁ፤ «ሴት ልጅ የባሏን ቤት ትቆጥራለች» ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ነፋስ ያመጣልኝን ነው የያዝሁት። ስለዚህ «ከዚህ በላይ ያለውን ወንድሜ ያውቀዋል፤ እኔ ቶሎሳ የሚባል እንዳለ ብቻ ነው የማውቀው፤ ልጅ ትቶ ፈረስ ሊሸጥ አባይን ተሻግሮ ያልተመለሰ ይሉታል» አልሁ።

አያ ይስማው ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ። እሳቸውም ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። እሳቸው ግን «የእኛም ወልደ ማርያም የክርስትና ስሙ ነው» አሉ። «ዓለማዊ ስሙ ቶሎሳ ነው። ከማዶ፣ ከሆሮ ፈረስ እየነዳ መጥቶ እዚሁ አግብቶ የቀረ ሰው ነው።» እትዬ ወለተ ሰንበት «ኧረ ይስማው!» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እንዳላማውን ቀና ብዬ ባየው እሱም እኔን ያያል።

መሪጌታ እንዲህ ብለው ፈረዱ። ሁለቱ ቶሎሳዎች አንድ ሰው ከሆኑና በአባታችን በኩል ባለው ቆጠራ ከሰባቱ ቤት ውስጥ ከገባ፣ አይሆንም፤ ወንድምና እህት ናችሁ። ከሰባት ካለፈ ግን ቤቱ አልፏልና ይመረቃል። እስከዚያው የወንድሟ ቃል ይምጣ፣ አሉ።

እትዬ ወለተ ሰንበት በማግስቱ አንድ ቅል ቅቤ ላኩልኝ፤ «ለሥጋዬ» ብለው። ፈውዚያ ይህን ስትሰማ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ብላ ቀለደችብኝ፤ እኔም ስቄ ስቄ መጨረሻው ልቅሶ ሆነ። የማዶ ሳለሁ ላገባው እችል ነበር፤ ዘመድ ከሆንሁ ግን አልችልም። ዕድሜዬን ሙሉ «የእኛ ናት» እንዲሉኝ እመኝ ነበር፤ እንዲህ ሆኖ ይምጣ?

እማዬ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። «ምላስሽ ነው ያቃጠለሽ፤ አባትሽ ራሱ ቢኖር ዝም ባለ ነበር» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ሽንኩርት እየከተፈች ለብቻዋ ስታነበንብ ደረስሁባት፤ ጉደታ፣ ገመዳ፣ ኢጆ እያለች ነው። እሷም ቡልቻ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቢላዋውን አስቀምጣ «ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም» አለችና አለቀሰች። አብረን አለቀስን።

እንዳላማው መጥቶ ነበር። ደጅ ቆሞ፣ ወደ ውስጥ ግባ ብንለው እንኳ እምቢ ብሎ፣ «ወንድምሽ አንድ ስም ጨምሮ ቢልክስ? ማዶ ተሻግሮ የሚያጣራ ማን አለ?» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አልተቆጣሁትም። እንዴት ልቆጣው? እኔም ሳምንቱን ሙሉ ያሰብሁት ይህንኑ ነው። ስሙን ሳይቀር አውጥቼለት ነበር፤ ዋቅጅራ ብዬ፣ ከቡልቻ በላይ ካሉት መካከል አስገብቼው፣ ቶሎሳን ከሰባት አሳልፌ፣ መልክ ሁሉ ሰጥቼው ነበር፤ ረጅም፣ ጠይም፣ ዝምተኛ ሰው። ይህን ደብዳቤ ስጀምርም ያን ልለምንህ ነበር።

አሁን ግን አልለምንህም። አባታችን እንዳይዘለል ብዬ ሸንጎ መሐል ገብቼ፣ መልሼ ያልነበረ ሰው ልጅ ላደርገው? አያ ይስማውስ የልጃቸው ሠርግ ሊቀር እንደሚችል እያወቁ እውነቱን አወጡ፤ እኔ ከእሳቸው ላንስ ነው? ስለዚህ የምጠይቅህ ይህን ብቻ ነው፤ የእኛ ቶሎሳ ያ የተሻገረው ሰው ነው? ከቡልቻ በላይስ ስንተኛው ላይ ነው? ከተጠራጠርህ አጎታችንን ነጋሳን ጠይቅ፤ እሱ አይሳሳትም። ከሰባት ካለፈ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ራስህ መጥተህ ስሞቹን በቃልህ ቁጠርልኝ፤ እትዬ ወለተ ሰንበት ፊት፣ ጮክ ብለህ፣ በእማዬ ቅላጼ። ከሰባቱ ውስጥ ከሆነም አትሸሽገኝ። አለቅሳለሁ፤ ብዙ አለቅሳለሁ። አንድ ቀን እንዳላማው ሌላ ሲያገባ ግን ድንኳኑ ውስጥ ከዘመድ ወገን እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ቦታ «የማዶ ናት» ብሎ የሚያስነሣኝ የለም።

ጫልቱን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ወገቧን በቅቤ እሽላት። አጎታችንን ነጋሳን ጉልበቱን ሳምልኝ፤ የላከልን ማር ደርሶናል በለው። እማዬ «ልጄ ሳልሞት ልይህ» ትላለች፤ ለጫልቱ እናትም ሰላምታዋ ይድረስ። ፈውዚያም በጣም ሰላም ብላሃለች። ትንሿን ቦንቱን ግንባሯን ሳምልኝ። አፏን ስትፈታ ስሞቹን አስቆጥራት፤ ሴት ናት ብለህ አምስት ላይ አታቁምባት።

እህትህ
ሰገነት ዲንሳ ጉደታ ገመዳ ኢጆ ቡልቻ፤
ከዚህ በላይ ያለውን አንተ ሙላልኝ።

ደብረ ማርቆስ፣
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.