ትርፌን ማን ያመጣታል?

መጋቢት 3

ዝናብ። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀረው ነበር። ቢሮ ስደርስ ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስሜ ተለጥፏል... የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አማካሪ። ማን ጠየቀኝ? ራሴን መምከር ያቃተኝ ሰው!

ሥራው ቀላል ነው አሉኝ። ፍሬሾቹ ግቢውን እንዲለምዱ ማገዝ፣ ዲፓርትመንት ከመምረጣቸው በፊት ያለውን ሁሉ ማሳየት። ቀላል ነው ሲሉኝ እጠረጥራለሁ።

ከሰዓት መጡ። ከማጎ ማዶ ካለችው ከሃና ከተማ የመጡ ሦስት ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ። ረጅሙ ሚልክያስ፣ ሳቂታው ልዑልቃል፣ መሀል ላይ ትርፌ። ምን መማር ትፈልጋላችሁ? ሚልክያስ፣ "ነርሲንግ።" ልዑልቃል፣ "ነርሲንግ።" ትርፌ መጀመሪያ ሚልክያስን አየችው። ከዚያ "ነርሲንግ" አለች።

አንድ አፍ ነው እንዴ ያላቸው? ሰው የዕድሜ ልክ ሙያውን በማኅበር ይመርጣል? ተናደድኩ። ፊቴ ላይ ታይቶብኝ ይሆን?

መጋቢት 7

አዞርኳቸው። የነርሶች መለማመጃ ክፍል፣ ኮምፒውተር ክፍል፣ ችግኝ ጣቢያ። ልዑልቃል አልጋ ላይ የተኛውን የላስቲክ ሰውዬ "እንደምን ዋሉ" ብሎ ሰላም አለው። ሁሉም ሳቁ። እኔም።

በመጨረሻ ወደ እኛው ዲፓርትመንት... ስታትስቲክስ። ማንም ደጁን የማይረግጠው። የሁለተኛ ዓመት ልጆች ቅዳሜ ገበያ ላይ ሰው ጠይቀው የሠሩትን ሰንጠረዥ አሳየኋቸው። የአካባቢው ሰው በወር ስንት ጊዜ ገበያ ይወጣል የሚል ነው። ትርፌ ጠጋ ብላ አየችው። ቆየች።

"ቲቸር፣ የጠየቁት ገበያ የመጡትን ብቻ ነው። ያልመጡትን ማን ጠየቃቸው?"

ክው አልኩ። ይህቺን ነገር ለማስገባት እኔ ግማሽ ሴሚስተር እለፋለሁ። ልጅቷ ቆማ አየችና አለችው።

መጋቢት 9

አለቃዬ ወንድይፍራው ሻይ ጋበዘኝ። "ዘንድሮም ተማሪ ካጣን አንቺም እኔም ሻይ ቤት እንከፍታለን" አለ። ቀልዱን ነው። ቀልዱን ነው?

መጋቢት 12

ትርፌን ለብቻዋ አስጠራኋት።

"ሚልክያስ ባይኖር ምን ትመርጪ ነበር?"

"እኔ ብቻዬን?"

"አንቺ ብቻሽን።"

"እንደዚያ አስቤ አላውቅም ቲቸር።"

አስቢ አልኳት። ጭንቅላትሽ ለዚህ ትምህርት የተሠራ ነው አልኳት። ሰው ሌላውን ተከትሎ አይማርም አልኳት። ብዙ አልኩ... መጽሐፍም አዋስኳት። ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ለእንጀራዬ? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

መጋቢት 15

ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር ብጠየቅ አልመልስም። ትርፌ ከመዘምራኑ ኋላ ተቀምጣለች፣ ሁለቱ ልጆች ግራና ቀኝ። ከእሷ ዓይን ስሸሽ ዋልኩ።

መጋቢት 19

ትርፌ መረጠች። አንደኛ ምርጫ፣ ስታትስቲክስ። እልል ማለት ሲገባኝ ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት።

ወዲያው ሚልክያስ ሳያንኳኳ ገባ። አልተቀመጠም።

"ቲቸር፣ እርስዎ ሃና ሄደው ያውቃሉ?"

አላውቅም። ጂንካ ተወልጄ አድጌ ከማጎ ቁልቁለት ወዲያ ማዶ አልፌ አላውቅም። መኪና ያስመልሰኛል፤ ገደል ሳይ ደግሞ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ይህን ግን ለተማሪ አይነግሩትም።

"መኪና በፈለጉት ቀን አይገኝም። ሲገኝም ጭነት ላይ ነው። ከተበላሸ ጫካ ውስጥ ማደር ነው። አባቷ እኛን አምኖ ነው የለቀቃት። አብራችሁ ሂዱ፣ አብራችሁ ኑ፣ አንድ ቀን ብቻዋን ከመጣች አትመለስም ብሏል። አሁን ዲፓርትመንት ሲለያይ ፈተና የምንጨርስበት ቀንም ይለያያል። ስንጨርስ ዶርም ልቀቁ እንባላለን። እሷን ማን ያመጣታል?"

ለካ ነርሲንግን የመረጡት አንድ መኪና ላይ ለመውጣት ነው! እኔ ደግሞ የራሳቸው ሐሳብ የሌላቸው መስለውኝ... ስለ ጭንቅላቷ ያን ሁሉ ስለፈልፍ ቤቷ እንዴት እንደምትደርስ አልጠየቅኋትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እንዴት ነው የምለቅመው?

መጋቢት 20

ምርጫ እስከ ነገ ይስተካከላል ተባለ። ሮጥኩ። ትርፌን ካፌ በር ላይ አገኘኋት።

"ቀይሪው። ከልጆቹ ጋር ሁኚ። ነርሲንግም ጥሩ ነው።"

"አልቀይርም።"

"አባትሽስ?"

"እፈራዋለሁ።" መሬት መሬት አየች። "ግን ቲቸር፣ አስቢ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። አሰብኩ። መጽሐፉንም ግማሽ አድርሻለሁ።"

አስቢ ማለት ለካ እንዲህ ያስፈራል። ተማሪዬ እሺ ብትለኝ ኖሮ ዛሬ በሰላም እተኛ ነበር። አባቷ ቢያስቀራትስ? ያስቀራት እሱ ነው ወይስ እኔ?

ሚያዝያ 4

አዲሱ ሴሚስተር ተከፈተ። ትንሽ ክፍል፣ ጥቂት ልጆች፣ ትርፌ ፊት ወንበር ላይ። ወንድይፍራው እጁን እያፋተገ "ሻይ ቤቱ ቀረ!" አለ። እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከሃና ይመስለኛል።

ሚያዝያ 17

አባቷ መጡ። አቶ ሻንቆ። ከሃና በጭነት መኪና፣ አቧራው ገና ቅንድባቸው ላይ ነው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ትርፌ በሩ ጋ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

ቀድሜያቸው ጀመርኩ። ስታትስቲክስ ማለት፣ አባቴ፣ ለምሳሌ ወረዳው ስንት ሕፃን እንደተከተበ፣ ስንቱ እንደቀረ... ላብ በላብ ሆንኩ። እጃቸውን አነሱ።

"መምህርት፣ ትምህርቱን አልጠየቅኩም። ትምህርት ሁሉ ጥሩ ነው። ሲዘጋ ልጄን ማን ያመጣልኛል?"

"እኔ።"

አፌ ነው የተናገረው። እኔ እዚያ አልነበርኩም።

አተኩረው አዩኝ። "እርስዎ ራስዎ? ሃና ድረስ?"

"እስከ ደጅዎ።"

ባርኔጣቸውን አዟዟሩ። "እንግዲያው ለእርስዎ ሰጥቻለሁ። ብቻዋን ከመጣች ግን ትቀራለች። ቃሌ አንድ ነው።"

ወጡ። ትርፌ ተከትላቸው ስትሄድ ዞር ብላ አየችኝ፣ እንደማመስገንም እንደመፍራትም። ምን አደረግኩ? ማነኝና ነው?

ሰኔ 22

የፈተና ፕሮግራም ወጣ። ነርሲንግ ቀድሞ ይጨርሳል፣ የኛ ከሳምንት በላይ ይዘገያል። ሚልክያስ ያለው ሁሉ ደረሰ።

ሐምሌ 2

ነርሲንጎች ጨረሱ። ሚልክያስና ልዑልቃል ሻንጣ ተሸክመው ከግቢ ሲወጡ በመስኮት አየኋቸው። ልዑልቃል እጁን አውለበለበልኝ። ሚልክያስ ቀና አላለም። ከመጋቢት ጀምሮ እንዳኮረፈኝ ነው፤ እውነቱን ነው።

ስለ መንገዱ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅኩ። ባልጠየቅኩ ይሻለኝ ነበር። አንዱ ቁልቁለቱን ይነግረኛል፣ አንዱ የሚናከሰውን የማጎ ዝንብ፣ አንዱ ባለፈው ዓመት የተገለበጠውን አይሱዙ። ለእናቴ ለስብሰባ ነው የምሄደው አልኳት። በዚህ ዕድሜዬ ውሸት!

ሐምሌ 8

ብታመምስ? ጉንፋን ቢይዘኝ? ጠዋት ግንባሬን ነካሁ። ምንም የለም። ቅር አለኝ... አፈርኩ።

ሐምሌ 10

ትርፌ ጨረሰች። እንዴት ነበር ስላት ሳቋን መያዝ አቃታት። ነገ መኪና አለ ተብሏል። ባይኖርስ? ቢኖርስ?

ሐምሌ 12

ሃና ነኝ። ደርሰናል። ትርፌ ከእናቷ ጋር ጓዳ ናት፣ ሲስቁ ይሰማኛል። አቶ ሻንቆ ማታ እራት ላይ፣ "መስከረም ትመለሳለች" አሉ። ከዚያ በኋላ ነው እህል የወረደልኝ። ትናንት ጠዋት የሆነውን ግን መጻፍ አለብኝ።

ገና ሳይነጋ ከትርፌ ጋር መናኸሪያ ደረስን። ብርድ። መኪናው ጎን ሁለት ሰዎች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ያንጎላጃሉ። ልዑልቃልና ሚልክያስ! ክፉ ነገር የሆነ መስሎኝ ደነገጥኩ።

"አልሄዳችሁም እንዴ?"

"ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው የሰነበትነው" አለ ልዑልቃል ዓይኑን እያሸ። "ጥበቃው አስቀመጠን። ቀን ቀን ለአናጢዎቹ ሚስማር እናቀብላቸው ነበር፣ ጣሪያ እየቀየሩ ነው።"

ለእሷ ብለው። አላመኑኝም ማለት ነው። ደስ አለኝ፣ ደግሞ ትንሽ ከፋኝ። "አመጣታለሁ ብዬ አልነበር? ሊያውም ለአባቷ ቃል ገብቼ።"

ሚልክያስ ብድግ አለ። ከመጋቢት ወዲህ ፊቴን ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

"እሷንስ እርስዎ ያመጧታል ቲቸር። እርስዎን ማን ይመልስዎታል?"

ያን ሁሉ ሳምንት ስለ መሄድ ብቻ ስጨነቅ... መመለስ የሚባል ነገር ጭራሽ በሐሳቤ አልመጣም። ብቻዬን፣ በዚያ ቁልቁለት፣ ማን ጋር? ትርፌም ደነገጠች፣ እሷም አላሰበችውም።

"ሃና አድረው ያርፋሉ። ልዑልቃል እዚያው ይቀራል። መኪና ሲገኝ እኔ ጂንካ አድርሼዎት እመለሳለሁ" አለ።

"አንተስ? አንተን ማን..."

"እኔ ወንድ ነኝ ቲቸር፣ የሃና ልጅ ነኝ" አለና ቦርሳዬን ከእጄ ተቀብሎ መኪናው ላይ ወረወረው። ከዚያ ጭነቱ ላይ ወጥቶ እጁን ዘረጋልኝ።