አብሮ የተላከ ሞላ

ቻሊስ፣ አይዳሆ
ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9፣ 2019

ኮሪንዬ፣ የኔ ልጅ፣

ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ የሠራሁልሽን ጠመንጃ ጥይቱን አውጪና አስቀምጪው። ዓሣ ልትቆጥሪ ድብ ወደሚውልበት ወንዝ ስትወርጂ የጓደኛሽን የኢንጋን አሮጌ ሾትገን ያዢ። ሲተኮስ ይመታል፣ ትከሻሽን ያምሻል፣ አውቃለሁ፤ ይመምሽ። ሰኞ ለመሥሪያ ቤታችሁ ደውዬ በሬዲዮ እንዲነግሩሽ ለምኛቸው ነበር። «እሺ ጌታዬ፣ እናደርሳለን» አሉኝ። ደረሰ ያለኝ ግን እስካሁን የለም፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሁድ ዕለት ጎረቤታችን በርል ከአደን ተመልሶ፣ ጃኬቱ ላይ በረዶው እንዳለ ወርክሾፑ ገባ።

«ሎዌል፣ ጉድ ሠራኸኝ እኮ!» አለኝ። «አጋዘኑ ፊት ለፊቴ ተገትሮልኛል። አንዴ ተኮስኩ፣ ሳትኩት። ደግሜ ስስብ ጭጭ! መዝጊያው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። አጋዘኑ ዞር ብሎ አየኝና እየተንጎራደደ ሄደ። እየሳቀብኝ ነው የሄደው፣ እምላለሁ!»

«ስታነጣጥር አይቶህ ነዋ!» አልኩት እየሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። የእሱን ጠመንጃ ያስተካከልኩት ያንቺን በሠራሁበት ቀን ነው። ትከሻ እንዳይመታ ብዬ ሰደፉ ውስጥ የከተትኩት፣ መዝጊያውን ወደ ፊት የሚመልሰው ሞላ ያው ለስላሳው፣ ከሞላው ፊት የሚገባው ብረትም ያው ቀላሉ። አጋዘን ስቆ ይሄዳል። ድብ ግን አይሄድም።

«ምነው? ምን ሆንክ?» አለኝ በርል።

«ኮሪን» አልኩት። እሱም ጠመንጃውን ትቶልኝ ሄደ።

ጠመንጃውን እንዲበርድ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። እናትሽ፣ «ሥጋዬ መሃል? አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ?» ብላ ጮኸችብኝ። ለምን እንደሆነ ስነግራት ግን ራሷ ሥጋውን አውጥታ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙም አታናግረኝም። ሰኞ ጠዋት አውጥቼ፣ የጥይቱን ካዝና ሞልቼ ተኮስኩ። ሦስተኛው ጥይት ላይ ቆመ። ደገምኩት፤ አምስተኛው ላይ ቆመ።

ጥፋቴን ልንገርሽ። እኔና አንቺ የሞከርነው በዚያ ሁሉ ሙቀት ነው፤ ጠመንጃው ታጥቦ፣ ዘይት ጠጥቶ። እንደ ልማዳችን ካዝናው ውስጥ አንድ አንድ ጥይት ብቻ እየከተትኩ ነበር የማስተኩስሽ። መዝጊያው መጨረሻ ድረስ ሄዶ ኋላ ላይ ከቆመ «ተስተካክሏል» እንላለን። ቀልሃዎቹም አንድ ቦታ ተከመሩልኝ፣ ደስ አለኝ። አንድ ጥይት ግን የሚነግርሽ ወደ ኋላ መሄዱን ነው። ከሙሉ ካዝና ጥይት ጎትቶ፣ ዘይቱ በብርድ ረግቶበት፣ ተመልሶ ለመዝጋት ጉልበት ይኑረው አይኑረው አይነግርሽም። ይህን ለሰው ሳስተምር ሠላሳ ዓመቴ ነው! ያን ቀን ግን «አባዬ፣ ምንም አይመታኝም እኮ!» ብለሽ ሳቅሽ። ከፈረስ ወድቀሽ ትከሻሽ ከተጎዳ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። እኔም ደስ ብሎኝ ሙሉውን ካዝና ሳልሞክር ተውኩት።

ፖስታው ውስጥ ጠንካራው ሞላና ከባዱ ብረት አሉ። ቀይሪያቸው፤ ምቱን ለመቀነስ ያጠበብኩትን የጋዙንም ብሎን መልሰሽ ክፈቺው። የበርልን እንዲሁ ቀይሬ፣ እንደገና አቀዝቅዤ ሦስት ሙሉ ካዝና ተኮስኩበት፤ አንዴም አልቆመም። አንቺም ጠመንጃውን ባዶውን ውጭ ብርድ ላይ አሳድሪውና፣ ኢንጋ ሾትገኗን ይዛ አጠገብሽ ቆማ ሦስት ሙሉ ካዝና ተኩሺበት። ፖስታው ውስጥ ያለውን ካልሲ የጨመረችው እናትሽ ናት።

ፈርቻለሁ ኮሪንዬ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እኔና እናትሽ እንፋጠጣለን፤ ማናችንም ቶሎ አናነሳውም። ስትሄጂ እሷ «ይቅርብሽ» ስትልሽ፣ «እኔ የሠራሁትን ጠመንጃ ይዛ ምን ትሆናለች?» ብዬ አፏን ያስዘጋኋት እኔ ነኝ።

እግዚአብሔር ድቡን ከመንገድሽ ዞር ያድርግልሽ። ከሦስቱ ካዝና አንድ ጥይት ላይ እንኳ ከቆመ፣ ጠመንጃውን እዚያው ወንዝ ውስጥ ወርውሪውና ነይ።

አንዴም ሳይቆም ከጨረሰም፣ ነይ።

አባትሽ ሎዌል