መሬት ለመሬት የምትሄድ ጣውንት

ጥር 6
ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ከውጭ "የኔ ቆንጆ!" ሲል ሰማሁት። "ወዬ!" ብዬ ወጣሁ። ለካ አዲሷን መኪናውን ነው። ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ መሬት ለመሬት የምትሄድ። ባሌ ካርቶን አንጥፎ ተጋድሞ ሆዷን በባትሪ ያያል። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።
በብረት ይቀናል እንዴ?... ይቀናል።

ጥር 13
ወደ እናቱ ቤት ስንሄድ መንገዱ ላይ ያለው ጉብታ ጋ ቆመ።
"አንዴ ውረጂልኝ።"
"ለምን?"
"ሁለት ሰው ስትጭን ዝቅ ትላለች። ሆዷን እንዳይነካት።"
የሰባት ወር እርጉዝ ነኝ እኮ! ወርጄ በእግሬ ተሻገርኩ። እሷ አግድም፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሙሽራ... እሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ይላታል። እኔንስ ማን አይዞሽ አለኝ?
ለአማቴ ስነግራቸው ሳቁ። "የኔዋ ጣውንት ሬዲዮ ነበረች ልጄ። ያንቺዋ ቢያንስ አትለፈልፍም።"

ጥር 22
ባሌ የጠራው መካኒክ ቤታችን ድረስ መጣ። ከሥሯ ያለው መከለያ ፕላስቲክ ነው አለ፤ ንፋስና ጭቃ እንጂ ድንጋይ አይመልስም። ድንጋይ ካገኛት የሞተሩን ዘይት መያዣ ይበሳዋል። የባሌ ፊት አመድ መሰለ።
"ብረት አሠራላታለሁ።"
"ብረቱ ራሱ ይበልጥ ዝቅ ያደርጋታል። እግሯን ከፍ እናድርገው?"
"መልኳን ልታበላሽብኝ ነው?"
ዛሬ ሐኪም ጋ ሄጄ የልጃችንን የልብ ምት ሰማሁ። እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ... እራት በላን። ተኛን።

የካቲት 1
በረዶ ጣለ። ሮጦ ወጥቶ ብርድ ልብስ ደረበላት። የኔን!

መጋቢት 9
ሆስፒታል ነኝ። ሴት ልጅ ወለድኩ።
ጠዋት ቀኔ ሳይደርስ ምጥ ያዘኝ። ዋናው መንገድ ተቆፍሮ ተዘግቷል፤ በድንጋያማው ገባን። ፊታችን የአፈርና የድንጋይ ክምር። እጄን ወደ በሩ ሰደድኩ... መውረድ ለምዶብኝ።
"ወዴት ነው? ተቀመጪ!"
ጨርቄን ማቄን ሳይል ነዳት። ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር ሲቀደድ ተሰማኝ። አስፋልት ላይ ወጥተን ዞር ስል ጥቁር መስመር ይከተለናል።
"ዘይቷ እየፈሰሰ ነው..."
"ይፍሰስ።"
መሪው ፊት የዘይቱ ቀይ መብራት በራ። አላየውም፤ እኔን ነበር የሚያየው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተሩ ቀጥ አለ። ቁልፉን እንኳ ሳይነቅል ታቅፎኝ ገባ።

መጋቢት 21
መካኒኩ በጭነት መኪና ሊወስዳት መጣ። ሞተሯ ተቃጥሏል፤ ለመለዋወጫ ካልሆነ አትረባም አለ። ባሌ ልጃችንን ደረቱ ላይ አስተኝቶ "ቀስ ብሎ ይጫናት በይው፣ ትነቃብናለች" አለኝ። አልወጣም።
እኔ ወጣሁ። ሽቅብ ሲስቧት ሥሯን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ፕላስቲኩ ተቦጫጭቆ ተንጠልጥሏል፤ የዘይት መያዣው ተሰንጥቋል። ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው ያደረሰችኝ?
"ምነው፣ አዘንሽ እንዴ?" አለኝ መካኒኩ።
ነጠላ ጫማ እንዳደረግሁ፣ እስከ ውጭው በር ድረስ ሸኘኋት።