ጭስ የሌለው እርጎ

ማክሰኞ

…ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠችና «አባዬ፣ ጭስ ጭስ ይላል» አለችኝ። አንኮበር፣ እናቴ ቤት፣ በፋሲካ። ወይስ ከፋሲካ በኋላ? እናቴ ሰምታለች። ዞር ብላ የሆነ ነገር የምትፈልግ መሰለች። ልጄ ሊያ በሕፃንነቷ ያንኑ እርጎ ጣቷን እየነከረች ትልሰው ነበር። አሁን አዲስ አበባ፣ እናቷ ቤት፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የግሪክ እርጎ አለ። ወፍራም፣ ነጭ፣ ጭስ የሌለው።

ቅዳሜ ትመጣለች። ዓመቱን እናቷ ጋ ተምራለች። ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ እኔ ትመለስ ወይ እዚያው ትቅር፣ ራሷ ትወስናለች። እኔና ሰብለ ከተፋታን ወዲህ የተስማማንበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ለእርሾ የሚሆን አንድ ኩባያ የግሪክ እርጎ ከሱቅ ገዛሁ። ቀመስኩት። እንደ አይብ ይወፍራል፤ ምንም አይሸትም።

ወተት የምታመጣልኝ ወይዘሮ አስካለ ዛሬ ለምን ብዙ እንደፈለግሁ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«አይ ጋሽ ታምሩ! ወንድ ወተት ሲያረጋ ዛሬ ገና ሰማሁ። ሚስት አግብተው ቢገላገሉስ?»

እስክትሄድ ድረስ ሳቅሁ።

ረቡዕ

አልረጋም። ውሃ ነው። በሱፍ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነበር ያሳደርኩት። ብርዱ ነው አልኩ፤ በዚህ ከተማ በነሐሴ መጨረሻ ምን ይረጋል?

ማሰሮውን ላጥብ ስል ሸተተኝ። ወተቱን ከመጨመሬ በፊት በወይራ አጥኜዋለሁ። ሳላስብ። እናቴ ስታደርገው እያየሁ ስላደግሁ፣ እጄ ሳይጠይቀኝ ሠራው። ጭስ የማይል እርጎ ላረጋ ተነስቼ ዕቃውን አጠንኩ! የእናቴን እርጎ ሳይበላሽ የሚያቆየው ጭስ የሱቁን እርሾ ሳይገድለው አልቀረም።

በጠርሙስ እንደገና ጀመርኩ። ወይራውን ከዓይኔ አራቅሁት።

ሐሙስ

ረጋ። ቀጭን ነው፣ ግን ረጋ።

ግማሹን በንጹሕ የነጠላ ቁራጭ ቋጥሬ ውሃው እንዲወርድ ሰቀልኩት። ጠብ፣ ጠብ። ማንበብ አልቻልኩም። ከተረፈው ላይ ውሃና ጨው ጨምሬ ቱርኮች የሚጠጡትን ዓይነት ሞከርኩ። አንድ ጉንጭ። ደፋሁት።

ምን ልላት ነው? የእናትሽ ቤት እርጎ እዚህም አለ? የግሪኩ ካልሆነ የቡልጋሪያውን እሞክራለሁ? እንዲህ የሚል አባት ምን ይባላል?

ሰብለ ደወለች። «ልጅቷን እንዳታስጨንቃት።» እሺ አልኩ። ደግማ አለችው። ደግሜ እሺ አልኩ።

ዓርብ

ጾም ነው። ከመምጣቷ በፊት መቀመስ አለበት፤ እኔ ደግሞ አልቀምስም። በሳህን ይዤ ጎረቤቴ አቶ ሰኢድ ሱቅ ገባሁ። ከአንኮበር ሥር፣ የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ እርጎ ያውቃል፣ ምላሱን አምናለሁ።

«ያንተ ጾም ለእኔ በጀኝ» አለና ቢስሚላህ ብሎ ጎረሰ። ደገመ።

«እንዴት ነው?»

«ወላሂ ጥሩ ነው። የማን አገር እንደሆነ ግን አላወቅሁትም።»

«የግሪክ ነው።»

«እንግዲያው ግሪኮች ይመስክሩ!»

ደንበኛ ሲገባ ሳቁን ቀነሰ። «ልጅህ ትመለሳለች?» አለኝ በዝቅታ። አላውቅም አልኩ። «ኢንሻአላህ» አለ፣ ሚዛኑን እያየ።

ቅዳሜ

መጣች። ረዝማለች። ጉንጬን ስትስመኝ አላጎነበስኩም።

እርጎውን ማር ጨምሬ አቀረብኩላት። ሁሉንም በላች።

«በጣም ይጣፍጣል፣ አባዬ። አመሰግናለሁ።»

ተነስታ ሳህኑን አጠበች። ማንኪያውንም። ከዚያ ፎጣው የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ሁልጊዜ ከሚሰቀልበት ሚስማር አጠገብ ቆማ።

ድሮ ያልጣማትን ሳህን ገፍታ «አልበላም!» ትለኝ ነበር። እቆጣት ነበር። ዛሬ ብትገፋው ምን ነበረበት።

ስለ ትምህርት ቤቱ አልጠየቅኋትም። እሷም አላነሳችው። ዝናቡን አወራን።

እሑድ

ሰብለ ልትወስዳት መጥታ መኪናው ውስጥ ሆና ጠበቀች፤ አልወረደችም። ሊያ ክፍሏ ገብታ ቆየች። ስገባ ሹራቦቿን ሻንጣ ውስጥ ከትታለች። መጻሕፍቷንም። ከግድግዳው ላይ ሥዕሏን እየነቀለች ነበር።

«ሁሉንም?» አልኳት።

«ቦታ እንዳይይዝብህ ብዬ ነው።»

የተረፈውን እርጎ በጠርሙስ አድርጌ ዘረጋሁላት።

«መንገድ ላይ ይፈስብኛል፣ አባዬ።»

አይፈስም፣ ወፍራም ነው፣ ልላት ነበር። ሻንጣዋን አነሳች። እንዳይጮህ ብላ በሩን በቀስታ ዘጋችው።