የማስረዘሚያው ሽፋን

ጥቅምት 22 ቀን

የማኅበሩ ኮሚቴ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ስምህን ከአባልነት ይሰርዛል፤ ወርክሾፕህንም ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ለሚሊሜትር፣

በስምህ ልጀምር ብዬ እጄ አልታዘዘኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደ ሰፈሩ ሰው ሚሊሜትር ስልህ ኖሬ፣ አሁን በመዝገብ ስምህ ብጠራህ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስልብኛል። እንዴት ከረምክ? ወገብህስ? የምትሠራበት ጋራዥ ብረት መቅረጫው ቶርኖ አሮጌ እንደሆነ ለልጃችን በስልክ ነግረሃታል አሉ። እኔን አልጠየቅክም። እሷ ግን ቅር እንዳይለኝ ብላ «ሰላም በያት ብሏል» አለችኝ፤ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ውሸት አትችልበትም። በዚህስ አባቷን ነው የምትመስለው ልል ነበር። ግን አንተ ስትዋሽ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኛ ደህና ነን። እናቴ አሁንም እኛ ዘንድ ናት። የሥራ ጫማህን ሁለት ጊዜ አውጥታ ደጅ ጥላዋለች፤ እኔም ሁለት ጊዜ መልሼ አስገብቼዋለሁ። ስለ ጫማው አንነጋገርም። ልጃችን ቁመቷ በልጦኛል። ወርክሾፑን ቅዳሜ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ። የቶርኖህን ሐዲድ ዘይት እቀባዋለሁ፤ ዝገት አልነካውም።

ትንሿ ትራክተር ሥራ ላይ ናት። የምነዳት ግን እኔ አይደለሁም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበሯ ላይ አልወጣሁም። ኮሚቴው በመጨረሻ ረጅሙን ካርዳን፣ ማጨጃውን የሚያዞረውን ዘንግ፣ አስመጣ። ገጠሙት፤ ልክክ አለ። ያንተ ማስረዘሚያ ወልቆ መጋዘን መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በሽቦ ካርቶን አንጠልጥለውበት «ማስረጃ» ብለው ጽፈውበታል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው። አንተ ስለማታውቀው አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሰው ፊት ቆሜ ስለምናገረው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለአንተ ብዬው ልሂድ።

ማጨጃው የተገዛው ለትልቅ ትራክተር ነበር። የእኛዋ ላይ ሲገጠም ወደ ኋላ ራቀ። ከትራክተሯ ኋላ የሚሽከረከረውን ዘንግ ከማጨጃው ጋር የሚያገናኘው ካርዳን አጠረ፤ ሁለቱ ቱቦዎቹ በመዋዋጥ ፈንታ ጫፍና ጫፋቸው ብቻ ይነካካ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ በስንዝሩ ለካና «አሥራ ሁለት ሴንቲ ይጎድለዋል» አለ። አንተ ካሊፐርህን አውጥተህ፣ ተንበርክከህ፣ አንዴ ለክተህ፣ ደግመህ ለክተህ «አንድ መቶ አሥራ ስምንት ሚሊሜትር» አልክ። ወንድሜ ሳር ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪመጣ ሳቀብህ።

«አንተ ሰውዬ፣ እህቴንም እንዲህ ለክተህ ነው ያገባሃት?»

«ያኔ ሜትር ብቻ ነበር የነበረኝ» አልከው።

ለሁለታችሁም ሳቅኩ። እናንተ ሁለታችሁ በዚያ ቀን ወንድማማች ነበር የምትመስሉት፤ እኔ ደግሞ ምራት።

ማስረዘሚያውን በሁለት ቀን ሠርተህ አወጣኸው። አንድ ጫፉ የትራክተሯን ዘንግ ይጎርሳል፤ ሌላው ጫፉ ራሱ እንደ ዘንጉ ጥርስ አለው፤ ካርዳኑ እሱ ላይ ይገባል። ወገቡ ላይ በአንድ ብሎን ይያዛል። የብሎኑ ራስ ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር። «ይኼ ሲሽከረከር ለዓይን አይታይም» አልክ። የካርዳኑ የራሱ የፕላስቲክ መከለያ እዚያ ድረስ አይደርስም፤ ስለዚህ ላሜራ አመጣህ። ሳሎን ወለል ላይ ዘርግተህ ስትቆርጥ ሌላኛውን ጫፍ የያዝኩልህ እኔ ነበርኩ። ሽፋኑን ጠቅልለህ፣ ጠርዙን ሞርደህ፣ በአራት ብሎን አሰርከው። ጎማዎቹ መሃል ስለተሸጎጠ ከእኔና ከአንተ በቀር ልብ ያለው አልነበረም። ለሰብሳቢውም «ይህ ለጊዜው ነው፤ ረጅሙን ካርዳን እዘዙ» አልከው። እሱ ደግሞ «እዚህ ግቢ ውስጥ ዕድሜ ያለው ለጊዜው የተባለ ነገር ብቻ ነው» ብሎ ቀለደብህ።

ጠዋት ጠዋት ትራክተሯን ግራሶ፣ የማለስለሻ ቅባት፣ የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ግራሶ ለመስጠት ሽፋኑ መውለቅ አለበት። አራት ብሎን መፍታት፣ አራት ብሎን ማሰር። የታችኞቹ ሁለቱ ደግሞ መሬት ላይ በጀርባ ካልተኙ አይደረስባቸውም። አንድ ወር እንደዚያ አደረግሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቸኮልኩና «ሲመሽ አስረዋለሁ» ብዬ ወንበሬ ሥር ወሸቅሁት። ሲመሽ ደከመኝ። በማግስቱ የምፈታው ነገር አልነበረም። ደስ አለኝ። ይኼንን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ደስ ነው ያለኝ። ዘጠኝ ቀን ያለ ሽፋን ነዳሁ።

በአሥረኛው ቀን ሳሩ ርጥብ ስለነበር ማጨጃው ታነቀ። ወንድሜ ሳሩን ሊያወጣ ከኋላ መጥቶ ጎንበስ አለ። «ላጥፋው?» አልኩት። «ተይው፣ አሁን ይለቃል፤ አጥፍተሽ ስታስነሺ ጀምበር ትጠልቃለች» አለኝ። አላጠፋሁትም። የብሎኑ ራስ የጃኬቱን እጅጌ ያዘው። ድምፁን አልጽፈውም። ሞተሩን እስካጠፋ ድረስ ሦስት እንኳ አይቆጠርም ነበር።

ሰዎች ሮጠው መጥተው እሱን መኪና ላይ ሲጭኑ፣ እኔ ወንበሩ ሥር እጄን ሰድጄ ሽፋኑን አወጣሁና በጆንያ ጠቅልዬ ከመጋዘኑ ጀርባ ጣልኩት። ከዚያ ነው መኪናው ላይ የወጣሁት። ወንድሜ ደሙ እየፈሰሰ ለዚያ ጊዜ ነበረኝ። ከሆስፒታል ስመለስ አንስቼ ቤት ወሰድኩት። አልጋችን ሥር፣ በአንተ በኩል።

በሦስተኛው ቀን ኮሚቴው ጠራን። ሰብሳቢው «ለዚህ ነገር ሽፋን ሠርተህለት ነበር ወይስ አልሠራህለትም?» ብሎ ጠየቀህ። ወደ እኔ ዞርክ። እኔ የጠረጴዛውን እግር አየሁ። አንተም «አልሠራሁለትም» አልክ።

ለምን እንደዚያ እንዳልክ አልጠይቅህም። ቤት ስንገባ ልብስህን አጣጥፈህ ሻንጣ ውስጥ ከተትክ። ሻንጣው አራት ቀን በሩ አጠገብ ቆመ። በአጠገቡ እያለፍኩ ቁርስ አቀረብኩ፣ ምሳ አቀረብኩ፣ ሆስፒታል ተመላለስኩ። አንተ ወንበርህ ላይ ተቀምጠህ ታየኛለህ። በአምስተኛው ቀን ስነሳ ሻንጣው የለም። ለጠየቀኝ ሁሉ «አፍሮ ነው የሄደው» አልኩ።

ኮሚቴው ወንድሜ ሳያገግም አንወስንም ብሎ ነገሩን ሰባት ወር አቆየው። አሁን አገግሟል። ቀኝ እጁ ከክርኑ በላይ ተቆርጧል። እንደምታውቀው ነው፤ አፉ አልተቆረጠም። ከትናንት ወዲያ ቤቱ ስሄድ በግራ እጁ ሸሚዙን ሲቆልፍ ደረስኩ። ላግዝህ ብል «ተይኝ፣ አራተኛው ላይ ደርሻለሁ» አለኝ። ከዚያ ሳቅ ብሎ «የክረምት ጓንት ስትገዢልኝ ግራውን ብቻ በይ። ቀኙን ለሌላ እንደኔ ላለ ሰው ይሽጡለት» አለ። እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ያስቃቸዋል። አልሳቅኩለትም።

«ሽፋን ነበረው» አልኩት።

«የምን ሽፋን?»

«የማስረዘሚያው። ሚሊሜትር ሠርቶለት ነበር። ያወለቅሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ቀን ወንበሬ ሥር ነበር።»

ቁልፉን ለቀቀው። ጎረቤት ሬዲዮ ይጮሃል፤ የአየር ሁኔታ እስኪያልቅ ድረስ ሰማነው።

«ማን ያውቃል?» አለኝ።

«እሱ።»

«እሱማ አልሠራሁም ብሏል። በገዛ አፉ። በቃ።»

«ለኮሚቴው ልናገር ነው።»

«አትናገሪ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ስሚኝ እታለም። ሰባት ወር ሙሉ የዳንኩት በምን ይመስልሻል? በመርፌ ነው? ያንን ሰውዬ በመጥላት ነው። ጠዋት ስነሳ እጄን እፈልገዋለሁ፤ የለም፤ እሱን እረግማለሁ፤ ከዚያ ፊቴን እታጠባለሁ። አሁን ማንን ልርገም? እሱ አማች ነው፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ ቢጠላም ይቻላል። አንቺን እንዴት አድርጌ ነው የምጠላሽ? እማዬስ?»

አንተ ብትሆን አንድ ነገር ትለው ነበር። ተነስቼ በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ።

«ስንት ብሎን ነበረው?»

«አራት።»

«አራት ብሎን» አለ። ወደ ግድግዳው ዞሮ ደግሞ «አራት ብሎን» አለ። ትናንትም ሄጄ ነበር፤ በሩን አልከፈተልኝም። ጫማው ግን ደጅ ላይ ነበር፤ ውስጥ ነው ያለው።

እስከዚህ ድረስ ጠዋት ማድ ቤት ተቀምጬ የጻፍኩት ነው። የቀረውን ፖስታ ቤት ቆሜ፣ ግድግዳው ላይ ባለችው ጠባብ ጣውላ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ ጽሑፌ ቢጣመም አትፍረድብኝ። ሽፋኑ በጆንያ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ነው። ጥበቃው «እህቴ፣ የምንድነው? የጭስ ማውጫ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ዛሬ የምዋሸው ውሸት ይህ የመጨረሻው ይሁን ብያለሁ።

ለእናቴ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ነገርኳት። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ሳትል «ታዲያ እሱ የት ነው ያለው?» አለችኝ። የአንተን አድራሻ መሆኑ ነው። ያለህበትን ከተማ ነገርኳት። ቅጠሉን ለቅማ ጨረሰችና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ምን እንደምትል እንጃ። ስመለስ ቤት ውስጥ ታስገባኛለች ወይስ ጫማዬ ደጅ ይጠብቀኛል፣ እሱንም እንጃ።

ኮሚቴው መንጃ ፈቃዴን ይቀማኛል፤ ይቀማኝ። ከዚያ በላይም ይመጣ ይሆናል። ወንድሜ አንድ ቃል ከተናገርኩ ከእንግዲህ እህት የለኝም ይላል፤ ሲል ደግሞ የምሩን ነው የሚለው። ይህን ሁሉ የምጽፈው እንድታዝንልኝ አይደለም። ና አልልህም። ወርክሾፑ ያንተ ሆኖ ይቆይ፤ መጣህ አልመጣህ ያንተ ነው። «ሽፋን ሠርቷል፤ ጠርዙን እንኳ ሞርዷል» እላቸዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ እጃቸውን በጠርዙ ላይ እንዲያስኬዱ አደርጋለሁ። ሰባት ወር ሙሉ «ሚሊሜትር ዝርክርክ ነው» ሲባል ሰምቼ ጎንበስ ብዬ አልፌያለሁ። ከሁሉም የከበደኝ ያ ነበር።

ከፊቴ አሥራ አንድ ሰው አለ፤ የሚሠራው መስኮት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ስብሰባው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ቀረው። ደብዳቤውን ልኬ ልሂድ ብዬ ነበር የመጣሁት። አሁን ሳስበው ግን አስቀድሜ ከላክሁት፣ አዳራሹ በር ላይ ስደርስ «ለእሱ ነግሬዋለሁ፤ ዋናው እሱ ነው» ብዬ ልመለስ እችላለሁ። ራሴን አውቃታለሁ። ለእነሱ ሳልናገር ለአንተ መናገር አሁንም ማምለጥ ነው።

ከኋላዬ ያሉት ሴትዮ ጆንያውን ሳነሳ አይተው «ልጄ፣ ተራሽን ጥለሽ የት ነው?» ይሉኛል። ይለፉኝ እናቴ ብያቸዋለሁ። «ደብዳቤውን ስጪኝ፣ አብሬ ልላክልሽ» አሉኝ፤ ደግ ሴት ናቸው። አይ፣ ገና አላለቀም አልኳቸው።

ማሽን ስታስነሳ እጅጌህን ሰብስበው። ፈጣሪ ጣቶችህን እንዳሉ ይጠብቅልኝ፤ ከሩቅም ቢሆን ደህና ሁን። ሰዓቱን እያየሁ ስለምጽፍ ስሜን እዚህ ላይ ላስፍረው።

ሚስትህ

እስክሪብቶው የፖስታ ቤቱ ነው፤ ልመልሰው። ወደ አዳራሹ እየወጣሁ ነው።